ተረከዝ ሲላጥ ቁጥር ለመጨመር አትቸኩሉ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም በእግርሽ ወጥተሽ ስትመለሺ ሁለቱም ተረከዝሽ ውሃ ቋጥሯል፣ አሁን 38 ቁጥር ጫማዬን ትቼ 39 ልግዛ ወይ ነው ያልሽው። እኔ ቆይ እላለሁ። ተረከዝ ብዙ ጊዜ የሚላጠው ጫማው ስለጠበበ ሳይሆን ውስጡ ከፍ ዝቅ ስለሚል ነው። ይፈገፈጋል፣ ላብ ቆዳውን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ውሃ ይቋጥራል። ቁጥር ከጨመርሽ መንሸራተቱ ሊብስ ይችላል።

እኔ ሱሉልታ ነው የምኖረው፣ በእረፍት ቀን ከጓደኞቼ ጋር በእንጦጦ ጀርባ በኩል እንወጣለን። እዚያ ያየሁት ነገር፣ ዳገቱ ተረከዝ ይልጣል፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ጣት ይመታል። ስለዚህ ጫማው ከኋላ መያዝ፣ ከፊት መልቀቅ አለበት።

መጀመሪያ ማሰሪያውን ሞክሪ። ብዙ የስፖርት ጫማ ላይ ቁርጭምጭሚት ጋ ከሌሎቹ ወደ ኋላ ያለች፣ ማንም የማይጠቀምባት ትርፍ ቀዳዳ አለች። ማሰሪያውን ከውጭ ወደ ውስጥ አስገቢባትና በየጎኑ ትንሽ ቀለበት አስቀሪ፤ የግራውን ጫፍ በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፈሽ ወደ ታች ሳብ አድርጊና እሰሪ። ተረከዝሽ ቁጭ ይላል። ብር አያስወጣም፣ ዛሬውኑ ቤትሽ መሞከር ትችያለሽ።

ካልሲሽም ጥጥ ከሆነ ቀይሪው። ጥጥ ላብ ይጠጣል እንጂ ቶሎ አይደርቅም። የስፖርት ካልሲ ወይም ሱፍ ይሻላል፣ በክረምት ደግሞ ሳሩ ራሱ ስለሚያረጥብ አንድ ቅያሪ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ቁልቁለት ላይ ጣትሽ ፊቱን ከመታ፣ ያኔ ሌላ ግዢ። ግን ጠዋት አትሂጂ። ቀኑን ሙሉ ስንቆም ስንሄድ እግር ያብጣል፣ ጠዋት ልክክ ያለው አመሻሽ ላይ ይጠባል። የምትሄጂበትን ካልሲ አድርገሽ ሁለቱንም እግር ለኪ፣ የብዙ ሰው አንዱ እግር ስለሚበልጥ በትልቁ ነው የሚገዛው። ቆመሽ ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የእጅ አውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይትረፍ። የውስጡን ንጣፍ አውጥተሽም ቁሚበት፤ እግርሽ በጎን ካለፈው የጎደለው ስፋት ነው፣ በቁጥር አይፈታም። የአንዱ ፋብሪካ 38 ከሌላው 38 ጋር አንድ አይደለም፣ እግርሽን እመኚ። ደረጃ ካለ ውጪ ውረጂ፣ ባለሱቁ ቢቸኩልም። «ሲለመድ ይሰፋልሻል» ካለሽ ጥለሽ ውጪ፤ ቆዳ ትንሽ ይለቃል፣ ሲንተቲኩ ግን እምብዛም ነው።

ሳልቫጅ ከሆነ የምታይው፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽ ከኋላ ተመልከቺው። ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ታትሞበታልና ይቅርብሽ።

መንገድ ላይ ተረከዝሽ ጋ ማቃጠል ሲጀምር «እዚያ ስደርስ አየዋለሁ» አትበይ። ያኔውኑ ቁጭ ብለሽ አድርቂውና የጨርቅ ፕላስተር ሳይሸበሸብ ለጥፊ። ቫዝሊንም መፈጋፈጉን ይቀንሳል፣ ግን ቫዝሊን የተቀባ ቆዳ ላይ ፕላስተር ስለማይዝ አንዱን ምረጪ።

አሁን የቋጠረውን ቆዳውን አትላጪው፣ ቁስሉን የሚከልለው እሱ ነው። ትንሽ ከሆነ ሸፍነሽ ተይው። ትልቅ ሆኖ መርገጥ ከከለከለሽ በሳሙና ታጥበሽ፣ በአልኮል በተጠረገ መርፌ ከጠርዙ ወጋ አድርገሽ ውሃውን አፍስሺና ቆዳውን እዚያው ተይው። ስኳር ያለበት ሰው ግን ራሱ አይነካካው፣ ሐኪም ይየው። መግል ከያዘ ወይም መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ጤና ጣቢያ ሂጂ።

እስኪድን በነጠላ ጫማ ሁኚ፣ ከዚያ 38ቱን በአዲሱ አስተሳሰር ሰፈር ውስጥ አጭር መንገድ ሂጂበትና የሆነውን እዚሁ ጻፊልን።