አምስት ቀን ካለሽ አርባ ምንጭ፣ ዶርዜና ኮንሶ ይበቁሻል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አነበብኩት። «ከአራት ኪሎ ነው የምንነሳው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጃችንና እናቴ ነን። አምስት ቀን አለን። አርባ ምንጭን፣ ኮንሶን፣ ጂንካንና ቱርሚን አይተን መመለስ እንችላለን?» ብለሻል። ብዙዎቹ «ይቻላል፣ ብቻ ሌሊት ተነሱ» ብለው መልሰውልሻል። እኔ ግን ተይው እላለሁ። መድረሱን ትደርሳላችሁ። አይታችሁ ግን አትመለሱም።

ይህን የምለው እኔም አድርጌው ስለነበረ ነው። የመጀመሪያ ጉዞዬ ላይ ከጓደኞቼ ጋር በአራት ቀን ቱርሚ ደርሰን ተመለስን። ቀይ አፈር የምትባል ከተማ የሐሙስ ገበያው ሊበተን ሲል ገባን። አንዲት እናት ቅል ይዘው ቆመው ነበር። ፎቶ አነሳናቸው፣ ብር ሰጠናቸው፣ ሄድን። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅንም። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። በሄድኩ ቁጥር የማያቸው ቦታዎች እያነሱ፣ የምቆይባቸው ሰዓቶች እየረዘሙ መጡ።

ስለዚህ ጂንካንና ቱርሚን ለሌላ ጊዜ አቆዪያቸው። አርባ ምንጭ ላይ እደሩ፤ ከዚያ እየተነሳችሁ ዶርዜንና ኮንሶን እዩ። በየቀኑ ሻንጣ አለማሰርና አለመፍታት ለእናትሽም ለልጅሽም ትልቅ እረፍት ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ልጅሽን ይዘሽ አንድ ቅዳሜ ወደ ስድስት ኪሎ ሂጂ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ የቀድሞው የንጉሡ ቤተ መንግሥት የነበረው ቤት ላይ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው የሕይወት ጉዞ ነው። ከልጅነት ይጀምራል፣ በጉልምስና ያልፋል፣ ሞት ላይ ይደርሳል። ለልጅ እንዲህ ያለ አደራደር ቶሎ ይገባዋል። ከዚያ ታክሲ ይዛችሁ ሽሮ ሜዳ ውጡ። ነጠላውን ለመግዛት ሳይሆን ማን እንደሚሠራው ለመጠየቅ።

እኔ ያደግኩት አፍንጮ በር ነው። ጎረቤታችን የጋሞ ሰው፣ ሸማኔ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ የምሰማው የመወርወሪያቸውን ድምፅ ነው። መስቀል ሲደርስ የሰፈሩ ሸማኔ ወደ አገሩ ይሄዳል። ድምፁም ይቆማል። መስቀል መድረሱን የማውቀው በዚያ ዝምታ ነበር። በበዓል ቀን ሥራቸውን ለብሰን እንወጣለን። «ሸማኔ» የሚለውን ቃል ግን ስድብ አድርገን የኖርን ሰዎች ነን። ልጅሽ ይህን ታሪክ ከቤት ይዞ ቢሄድ የጋሞ ሸማኔዎች አገር በሆነው ዶርዜ ላይ የሚያየው ነገር ሌላ ይሆንለታል።

መንገዱን በተመለከተ፣ እናትሽ ረጅም መኪና የማይችሉ ከሆነ በአውሮፕላን ሂዱ። ከቦሌ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በመኪና ከሆነ በቡታጅራ፣ ሆሳዕናና ሶዶ በኩል ያለውን ያዙ። ሙሉ ቀን ይፈጃል። ከአዲስ አበባ ብዙም ሳትርቁ ጢያ ላይ ውረዱ። በዩኔስኮ የተመዘገቡ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ። ብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ምስል ተቀርጿል። ልጅሽ ሰይፎቹን ይቁጠር፤ እናትሽም እግራቸውን ያፍታቱ። ከመነሳታችሁ በፊት ግን መስመሩን የሚያውቅ ሹፌር ደውላችሁ ስለ መንገዱ ሰላም ጠይቁ። ይህን አትዝለሉ።

አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ በሏት። ላይኛዋ ሴቻ፣ ታችኛዋ ሲቀላ ትባላለች። ከሴቻ ጫፍ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ ሁለት ሐይቅ ጎን ለጎን ተኝቷል። አባያ ቀላ ያለ ነው፤ ከደጋው የሚወርደው ደለል ነው እንዲያ ያደረገው። ጫሞ ደግሞ ጠራ ያለ ነው። በመሃላቸው ያለውን ተራራማ መሬት ሰዉ የእግዜር ድልድይ ይለዋል። እዚያ ቦታ ማምሻውን ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። ቡና አስፈሉ። ሌላ ፕሮግራም አትያዙ።

በማግስቱ ጠዋት ጫሞ ላይ በጀልባ ውጡ። ጠዋት ውኃው ይረጋጋል። አዞዎቹ ፀሐይ ለመሞቅ የሚወጡበት ዳርቻ «አዞ ገበያ» ይባላል። ልጅሽ «ማን ነው የሚገዛው?» ማለቱ አይቀርም። ጉማሬው፣ ሻላው፣ ዓሣ አዳኙ ንስር ሁሉም እዚያው ነው። አንድ ምክር ልስጥሽ። ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት፣ ለስንት ሰው እና ለስንት ሰዓት እንደሆነ ጭምር ተነጋገሩ። እኛን አንድ ጀልባ ነጂ ሐይቁ መሃል ላይ ሞተር አጥፍቶ ጭማሪ ጠይቆናል። ከኋላዬ አንዲት ልጅ ታለቅስ ነበር። ደግሞም የመንሳፈፊያ ጃኬት ለልጅሽ በልኩ ካልተገኘ አትሳፈሩ። እጅም ከጀልባው ውጭ አይወጣም።

ነጭ ሳር ፓርክን ግማሽ ቀን ስጡት። ስሙን ያገኘው ከነጣው ሳሩ ነው። የሜዳ አህያ መንጋ ታያላችሁ። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ እናትሽ ቢቀሩ ይሻላል፤ ከፓርኩ ስር ያለውን ደን፣ ከተማዋን ስም ያወጡላትን ምንጮች ማየት ይበቃቸዋል። ስለዚህ ፓርክ በጣም የምወደው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች መንገድ ላይ የሞተች፣ በሌሊት የምትንቀሳቀስ ወፍ አገኙ። ደህና የቀረው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። ክንፉን ሲመረምሩ ከታወቁት ከማንኛቸውም ጋር አልገጠመም። ከአምስት ዓመት በኋላ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። የሳይንስ ስሟም «አንድ ክንፍ ብቻ» ከሚል ቃል የወጣ ነው። ለልጅሽ ማታ ንገሪው።

ምግቡ ዓሣ ነው። ለብለብ፣ ጉላሽ፣ ዱለት እያሉ ያመጡላችኋል። ለብለቡን ከዳጣ ጋር ሞክሩት። ሙዝና ማንጎውንም እዚያው ብሉት። አዲስ አበባ የምንበላው ሙዝ ብዙው የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ግን ከዛፉ ስር ሲበላ ጣዕሙ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ቀን የዶርዜ ነው። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ወጥታችሁ ወደ ጨንቻ ስትወጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሹራብ ያስፈልጋችኋል። ጋቢ ለእናትሽ ያዢ። ቤቶቹ በቀርከሃ የተጠለፉ ናቸው። ረጃጅም ናቸው፤ ከፊት ስታያቸው የዝሆን ፊት ይመስላሉ። ምስጥ ከስር ሲበላው ቤቱ እያጠረ ይሄዳል። ሲያስፈልግም ሰዉ ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያኖረዋል። እንሰቱን ሲፍቁ፣ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ሲቀብሩ፣ ቆጮውን ሲጋግሩ ያሳዩዋችኋል። በማርና በዳጣ ይቀርባል። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ።

እዚያ አንድ አባት አገኘሁ። ከአዲስ አበባ መምጣቴን ሲሰሙ «የት ሰፈር?» አሉኝ። አፍንጮ በር አልኳቸው። እጄን ያዙት፤ አልለቁኝም። ሃያ ዓመት ሽሮ ሜዳ ሸምነዋል። ልጃቸው አሁንም እዚያ ነው። የሰፈሬን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በቡና ቅጠል የፈላ ትኩስ ነገር ሰጡኝና ስለ ሰፈሬ ሰው አንድ በአንድ ጠየቁኝ። የእናቴን ነጠላ የሠሩት እሳቸው ይሆኑ እንደሆነ እያሰብኩ ነበር። ያን ቀን ፎቶ ማንሳት ትዝ አላለኝም።

ስለ ጋሞ አባቶች ካነሳን፣ የመስከረም 2011ን ነገር ለልጅሽ ንገሪው። ቡራዩ ላይ ወገኖቹ ስለተገደሉበት አርባ ምንጭ ውስጥ በቁጣ የወጣውን ወጣት እርጥብ ሳር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት እነሱ ናቸው። በጋሞ ሽማግሌ ሳር ይዞ ከተንበረከከ አይታለፍም። ሐይቁን ማንም ያያል፤ ይህን ሕግ ግን ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው።

አራተኛው ቀን የኮንሶ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በማለዳ ተነስታችሁ ማታ መመለስ ትችላላችሁ። የኮንሶ ዋና ከተማ ካራት ስትገቡ መጀመሪያ የአካባቢውን አስጎብኚ ያዙ፤ ያለ እሱ መንደር አትግቡ። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከ400 ዓመት በላይ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተካ፣ ድንጋይ በድንጋይ የተደረደረ እርከን ነው። አፈሩ እንዳይታጠብ፣ ውኃው እንዳይባክን ብለው ነው የሠሩት። መንደሮቹም በድንጋይ አጥር የታጠሩ ናቸው። መጨቄ የሚባለውን መንደር ብታዩ ጥሩ ነው። አደባባዩ ላይ የትውልድ ምሰሶዎች ቆመዋል። በየ18 ዓመቱ አንድ ይጨመራል። ልጅሽ ቆጥሮ በ18 ያባዛ፤ የመንደሩን ዕድሜ ራሱ ያገኘዋል። ለሞቱ ጀግኖች የሚቆሙትን የእንጨት ሐውልቶች ዋካ ይሏቸዋል። ብዙ ዋካ ከመቃብር ላይ እየተሰረቀ ተሸጧል። የተረፉትን ካራት ሙዚየም ውስጥ ታያላችሁ። «ዋካ ልሽጥላችሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ በፍጹም እንዳትገዙ። የሰው አባት መቃብር ነው። ምሳችሁ ኩርኩፋ (ከእህል ዱቄት ተድቦልቡሎ የሚቀቀል ምግብ) ከሽፈራው ቅጠል ጋር ይሁን።

ፎቶን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ሰላም በሉ። ስም ጠይቁ፣ ስማችሁን ንገሩ። እምቢ ካሉ ካሜራውን አስቀምጡ። ለሕፃናት ብርና ከረሜላ አትበትኑ፤ ትምህርት ጥለው መንገድ ላይ እንዲቆሙ ያደርጋቸዋል። መርዳት ከፈለግሽ ከሠሪው እጅ ግዢ፤ ዋጋም ብዙ አትከራከሪ።

ጊዜውን ከአዲስ አበባ ክረምት ጋር አታያይዢው። እዚያ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ጥቅምት አካባቢም ይመለሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት በጣም ይመቻል። አርባ ምንጭና ኮንሶ ወባ ስላለ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፣ በተለይ ለልጅሽና ለእናትሽ። አጎበር ያለው አልጋ ምረጡ።

የገበያ ቀኖቹን ልንገርሽ። የዶርዜም የካራትም ገበያ ሰኞና ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ብትነሱ ዶርዜ የምትውሉት ሰኞ ይሆናል። ሰኞ ብትነሱ ደግሞ ኮንሶ ላይ ሐሙስን ታገኛላችሁ። ከእናትሽ ጋር ከሆነ እኔ ቅዳሜውን እመርጥልሻለሁ፤ ዶርዜ ገበያ አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ የሚቀመጡበትም አያጡም። የምትነሱበትን ቀን ስትወስኑ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ሽሮ ሜዳ የምታናግሯቸውን ሸማኔዎች እኔ ራሴ ወስጄ አገናኝሻለሁ።