«ሳይኮሎጂ ደረሰኝ፤ ለሰፈሬ ምን ይጠቅማል?» ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ዲፓርትመንት ሳይኮሎጂ እንደደረሰሽ፣ ቤተሰብ ደግሞ «እብድ ልታክሚ ነው ወይ?» እያለ እንደሚያሾፍብሽ ጽፈሻል። ለራስሽም ለሰሜን ሸዋ ሰውም ምን እንደሚፈይድ ጠይቀሻል። እኔ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። ይህንኑ ተምሬ ደብረ ብርሃን በተፈናቃዮች መጠለያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ።

የቤተሰቡን ነገር ቶሎ እንጨርስ። መድኃኒት የሚያዘው የአእምሮ ሐኪም ነው፤ እሱ ሕክምና የተማረ ነው። አንቺ በመጀመሪያ ዲግሪ መድኃኒት አታዢም። ትምህርት ቤት አማካሪ፣ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ፣ ኤንጂኦ ውስጥ ሠራተኛ ልትሆኚ ትችያለሽ። ሥራ እንደልብ ይገኛል ብዬ ግን አልዋሽሽም። እኔ ዓመት ከምናምን ቤት ተቀምጫለሁ።

አሁን ወደ ዋናው። መጠለያ በገባሁ ሰሞን ዘጠኝ ጥያቄ ያላት ወረቀት ሰጡኝ። ፒኤችኪው ናይን ትባላለች፤ ድባቴን፣ ማለትም ዲፕሬሽን የሚሉትን የማይለቅ ከባድ የሐዘን ስሜት፣ ለመለየት በብዙ አገር ይሠራባታል። እያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። 10 ከሞላ ሰውየው በደንብ መታየት አለበት ይባላል።

አንዲት እናት ፊት ቁጭ አልኩ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ የድባቴ ስሜት ምን ያህል ጊዜ ተሰምቶዎታል?» አልኳቸው። ዝም። ደገምኩት። «ድባቴ ምንድነው ልጄ?» አሉኝ። ባስረዳሁ ቁጥር ነገሩ እየራቀ ሄደ። በመጨረሻ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ «በል ደስ ያለህን ጻፍ» አሉ። ድምሩ 4 መጣ። በወረቀቱ መሠረት ሴትዮዋ ደህና ናቸው።

ከሦስት ቀን በኋላ ጎረቤታቸው ቡና አፍልታ ጠራችኝ። እሳቸውም ነበሩ። ሁለተኛው ሲቀዳ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» አሉ። «ሌሊት ዓይኔ አይከደንም። ከብቶቹን ሳልፈታቸው ነው የወጣሁት። ሲጮኹ ይሰማኛል።»

በማግስቱ ለብቻቸው አገኘኋቸው። ቡና ላይ የተሰማ ወሬ ሆኖ እንዳይቀር ነው። እዚህ ላይ ነው ባለሙያ ከጎረቤት የሚለየው፤ የሰማሽውን አታወሪም። «ሁለት ሳምንት» ማለቱን ትቼ «ከሥላሴ እስከ ማርያም» አልኩ። ቁጠሪው፣ ከ7 እስከ 21 ልክ 14 ቀን ነው። «ድባቴ»ን ደግሞ በራሳቸው ቃል ጠየቅኩ። ድምሩ 16 ሆነ። ስለ ሞት የሚጠይቀውን ዘጠነኛውንም አልዘለልኩም። ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ መጠየቅ ግን ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ አይከትም። «ልጆቹን ለማን ጥዬ?» ብለው መለሱልኝ። ከዚያ ወደ ሐኪም ተላኩ።

በነገራችን ላይ መጠይቅ እንዲህ እንደፈለጉ አይቀየርም። ለአለቃዬ ነግሬ፣ ቃላቱ መለወጣቸውን ጽፌ ነው ያስረከብኩት። ለምን እንደማይቀየር የሚገባሽ ስታቲስቲክስ ስትማሪ ነው። ያስለቅስሻል፤ ግን እንዳትሸሺው።

ለሰፈር ምን ይጠቅማል ላልሽው አንድ ነገር ልጨምር። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም በፈረንጆቹ 2006 የሰፈር አያቶችን ማሠልጠን ጀመረ። አያቶቹ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀ ሰው ያዳምጣሉ፤ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መውጫ እንዲፈልግለት ይረዱታል። ዋና ከተማው ሐራሬ ላይ ተጠንቶ ውጤቱ በፈረንጆቹ 2016 ታትሟል፤ ጭንቀትና ድባቴ ቀንሷል። እኛ ጋ አያቱም፣ መቀመጫውም፣ ሰንበቴውም፣ እድሩም ሞልቷል። የጎደለው ሥልጠናው ነው። እድራችን ድንኳን በመትከል ማን ይችለዋል? ለቀስተኛው ሲበተን ግን ባሏ የሞተባት ሴት ብቻዋን ትቀራለች። ስታለቅስም «በቃ፣ አታልቅሺ» እንላታለን። በአርባው ብቅ ብሎ «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» የሚል አንድ ሰው እድሩ ቢመድብ ትልቅ ነገር ነው። እኔ በእናቴ እድር ሐሳቡን አንስቼ ተስቆብኛል። ዘንድሮ ደግሜ አነሳዋለሁ።

ጸበል ከሚሄድ ሰው ጋር ደግሞ እንዳትከራከሪ። ጻድቃኔ ማርያም ደርሶ የተጽናና ስንት ሰው አለ። መድኃኒት የጀመረ ከሆነ ግን እንዳያቋርጥ ለምኚው።

ለራስሽስ? እኔን ከጭንቀት አላዳነኝም። እንዲያውም የእኚያ እናት ከብቶች እኔም እንቅልፍ ውስጥ ገብተው ነበር። ብቻ ቶሎ አወቅኩትና ለባልደረባዬ ነገርኳት። ድሮ ቢሆን አረቄ ቤት ነበር የምሄደው።

የትኛው ግቢ እንደደረሰሽ አልጻፍሽም። ደብረ ብርሃን ከሆነ በውስጥ መስመር አውሪኝ፤ የስታቲስቲክስ ደብተሬ አሁንም አለ።