ካሜራሽን ሳትሸጪ በፊት፦ የሚበር ጭላት ፎቶ ለምን ይደበዝዛል?

እህቴ፣ ልኳንዳ ቤቱ በር ላይ ጭላት ሲወርድ ያነሳሻቸው ፎቶዎች ሁሉ እንደደበዘዙብሽ ጽፈሽ፣ ካነን 700ዲሽን ከነ55-250 ሚሊሜትር ሌንሱ ሸጠሽ ሚረርለስ (መስታወት አልባ ካሜራ) ብትገዢ ይሻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ለጊዜው አትሽጪው። እዚሁ ጎንደር በተመሳሳይ ካሜራ ለዓመታት ወፍ አንስቻለሁ፤ ያንቺ ችግር ሸተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ ክፍት የሚቆይበት ጊዜ) እና የምትቆሚበት ቦታ ይመስለኛል።

እስቲ አስቢው፦ በሰከንድ 10 ሜትር የሚበር ወፍ፣ ሸተሩ 1/250 ሰከንድ ከሆነ ፎቶው ተነስቶ እስኪያልቅ 4 ሴንቲሜትር ይሄዳል። 1/2000 ላይ ግን ግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። የክንፉ ጫፍ ደግሞ ከዚያም ይፈጥናል። ስለዚህ የካሜራውን መዞሪያ ቲቪ (Tv፣ ሸተሩን አንቺ የምትመርጪበት) ላይ አድርገሽ 1/2000 ያዢ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ለኦቶ ተይለት። 1600 ቢደርስም አትደንግጪ፤ ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚታየው ነጠብጣብ) በኋላ ይቀነሳል፣ የደበዘዘ ወፍ ግን አይጠራም። ፎከሱን ከዋን ሾት ወደ ኤአይ ሰርቮ (የሚንቀሳቀሰውን እየተከተለ ፎከስ ወደሚያደርገው) ቀይሪው፤ ዋን ሾት አንዴ ከቆለፈ ወፉ ቢቀርብም ቢርቅም እዚያው ነው። ካሜራሽ ያለው 9 የፎከስ ነጥብ ነው። ከወፉ ጀርባ ሰማይ ብቻ ካለ ሁሉንም ክፈቻቸው፤ ቆርቆሮና ዛፍ ካለ መሃለኛዋን ብቻ ተጠቀሚ።

ይህን ሁሉ አስተካክለሽም ንፋሱን ካላየሽ የወፍ ጀርባ ነው የምትሰበስቢው። ወፍ ሲነሳም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ንፋሱ ይሰጣል። ንፋሱ ከኋላሽ ሲመጣ የሚያርፈው ወፍ ዓይኑን ወደ አንቺ አድርጎ ይመጣል። ፀሐይዋም ከኋላሽ ብትሆን እሰየው፤ ለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ብርሃን ጥሩ ነው። እኩለ ቀን ላይ የእኛ የደጋ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ የክንፉን ሥር ታጠቁረዋለች። ነጭ ሰማይ ላይ ስታነሺ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በ1 ከፍ አድርጊው፤ አለዚያ ጭላትሽ ጥላ ይመስላል።

እውነቱን ለመናገር ጭላት ለጀማሪ ይከብዳል። ሹካ የመሰለ ጅራቱን ጠምዘዝ ሲያደርግ አቅጣጫው ተቀየረ ማለት ነው፣ ካሜራውም እጅም አይደርሱበትም። ጎርጎራ ውረጂና ጣና ዳር ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሯን ዓሣ አዳኝ ወፍ ፈልጊ። ከመጥለቋ በፊት ውሃው ላይ ክንፏን እያርገበገበች ባለችበት ትቆማለች፤ ያኔ ፎከስሽን ይዘሽ ቁልቁል ለመከተል ጊዜ ታገኛለሽ።

እጅሽ ሲፈታ ስሜን ነው። ጨነቅ ወይም ሳንቃበር ገደሉ አፋፍ ላይ ሆነሽ አጥንት ሰባሪውን አሞራ በዓይንሽ ትይዩ፣ አንዳንዴም ከበታችሽ ታይዋለሽ። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 2.8 ሜትር ይደርሳል፣ ሲንሳፈፍም እምብዛም አያርገበግብም፤ ስለዚህ 1/1000 ይበቃዋል። አጥንት ከላይ ጥሎ የሚሰብርበት ድንጋይ ካገኘሽ ደጋግሞ ስለሚመለስ ራቅ ብለሽ ጠብቂው። ሥጋ ወርውሮ መጥራት የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልስማማበትም፣ ፎቶውም ያስታውቃል።

ገንዘቡ ካለሽ ደግሞ መጀመሪያ ሌንሱን ቀይሪ፤ 400 ሚሊሜትር የሚደርስ ያገለገለ ፈልጊ፣ ስትገዢ ግን ፎከሱን በሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሳትሞክሪው ብር አትክፈዪ።