ቃል የጠፋባቸው አባት

ጥያቄ፦ አባቴን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቃል ይጠፋባቸዋል። ለቡና የሚመጣው ጎረቤት እየጮኸ ያናግራቸዋል። ምን እናድርግ? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ችግሩ አፌዝያ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የግራው አንጎል ሲጎዳ ይመጣል። የተጎዳው ቋንቋው እንጂ ጆሯቸው አይደለምና ጩኸቱ ይቅር። ቡናው ላይ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ባለተራው ብቻ ይናገር። «ምን ላምጣልዎ?» ከማለት ስኒና ብርጭቆ እያሳዩ «ቡና ወይስ ሻይ?» ማለት ይሻላል። ከዚያ ቢያንስ 10 ሰከንድ ጠብቁ። ጎረቤት በደግነት ቃሉን ከአፋቸው የሚነጥቀው እዚህ ላይ ነው፤ ደጋግሞ የተነጠቀ ሰው መሞከሩን ይተዋል። «አዎ» ሲሉ «አይ» ለማለት ፈልገው ሊሆን ስለሚችል በአውራ ጣት ምልክት አረጋግጡ። የልጆችን፣ የቤተ ክርስቲያኑንና የገበያውን ፎቶ በደብተር ለጥፉላቸው። ንግግራቸው በድንገት ከባሰ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ውሰዷቸው።