ወንድሜ ኢንጂነሪንግ ይግባ ወይስ ዕዳው ይቅርበት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከፍኖተ ሰላም ነው፤ መምህር ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ፍሬሽማን እየጨረሰ ነው፤ ኢንጂነሪንግ ካልገባሁ ይላል። አባታችን ደግሞ «አምስት ዓመት ተምሮ የመንግሥት ዕዳ ተሸክሞ ከሚመጣ ከእኔ ጋር በርበሬ ይነግድ» ባይ ናቸው። የጎረቤታችን ልጅ በሲቪል ተመርቆ ባጃጅ ይነዳል፤ አባዬ እሱን እያዩ ነው። እውነት ዕዳው ከደመወዙ ጋር ሲታይ ያዋጣል? እባክዎ ይንገሩኝ።

መልስ፦ እታለም፣ አባትሽ ቢፈሩ አልፈርድባቸውም። ግን እስቲ መጀመሪያ ቁጥሩን እናውጣው።

ወንድምሽ የሚፈርመው የወጪ መጋራት ውል የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይይዛል። ክፍያው ሥራ ሲይዝ ይጀምራል፤ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል። መምህር በአገልግሎት ሊያወራርደው ይችላል፤ ኢንጂነር ግን በገንዘብ ነው።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዲግሪ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው። ልጁ ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ተቀጠረ እንበል። የሥራ ግብር 2,100 ብር ይሄዳል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 805 ብር። ወጪ መጋራት 1,150። እጁ ላይ የሚደርሰው 7,445 ብር ነው። ደብረ ማርቆስ ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ይህ ምን እንደሚሆን ለአንቺ አልነግርሽም፤ የመምህር ደመወዝ ታውቂያለሽ። ዕዳው ለምሳሌ 60,000 ብር ቢሆን በ52 ወር፣ ማለትም በአራት ዓመት ከአራት ወር ገደማ ያልቃል። የእናንተን ቁጥር ከውሉ ላይ ወስዳችሁ በዚሁ መንገድ አስሉት። በእኔ ግምት ይህ ዕዳ ሰው አይጥልም። ደመወዝ ከሌለ የሚቆረጥም የለም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፤ ውል የሌለው ዕዳ። ላፕቶፑ፣ የኪስ ገንዘቡ፣ ትራንስፖርቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከተመረቀ በኋላ እቤት የሚቀመጥበት ጊዜ። እዚህ ላይ አባትሽ ልክ ናቸው። በርበሬው በዚያን ጊዜ ከዲግሪው በላይ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ለዚህ ተብሎ በሬ እንዳይሸጥ፣ ከአራጣ አበዳሪም ደጅ እንዳይደረስ።

መቀመጡን የሚያሳጥረው ምን እንደሆነ ካየሁት ልንገርሽ። እኔ ባህር ዳር ፖሊ ነው የተማርኩት፤ አሁን የሕንፃ ሳይት ላይ ኦፊስ ኢንጂነር ነኝ። አምና ሁለት ልጆች ፋይላቸውን ታቅፈው ሥራ ፍለጋ መጡ። ሁለቱም ሲቪል፣ ሁለቱም አዲስ ምሩቅ። አንዱን «ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ አንዱ ቤርጋ፣ ማለትም አንዱ ዘንግ፣ ስንት ኪሎ ነው?» አልኩት። ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሌላኛው ስልኩን እንኳን ሳያወጣ «ሜትሩ 0.888 ኪሎ ነው፤ ቤርጋው 12 ሜትር ስለሆነ 10.66 ኪሎ ገደማ» አለኝ። ከየት አመጣኸው ብለው፣ ለካ ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ፎርማን አጎቱ ጋር ፌሮ ሲቆጥር ነበር የሚከርመው። ቀጠርነው። ያኛውም ልጅ ሰነፍ አልነበረም፣ ውጤቱ እንዲያውም ይበልጥ ነበር። ግን ሳይት ላይ የሚያስተምረው ሰው ጊዜ የለውም።

ደመወዙስ? የግል ኮንትራክተር ብዙ ጊዜ ከመንግሥት የተሻለ ይከፍላል፤ ግን ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ከ2015 ነሐሴ ወዲህ ያለውን ግጭት ታውቂዋለሽ። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ አይገባም፤ ሲሚንቶ ካልገባ ፔሮል የለም። ለዚህ ነው ወንድሜ ቢሆን ኖሮ ሲቪልን በጭፍን እንዳይሞላ የምመክረው። ኤሌክትሪካልና ሜካኒካል ሳይት ቢቆምም ማሽን ባለበት ሁሉ ይፈለጋሉ። የቡሬ ዘይት ፋብሪካም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ሆስፒታሉም ጄኔሬተር አላቸው፤ ጄኔሬተር ደግሞ ይበላሻል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ ሒሳብ የሚጠላ ልጅ ከሆነ ግን የትኛውም አይሆንለትም።

የመውጫ ፈተናውን እንዳትረሱ። ከ2015 ጀምሮ 50 እና ከዚያ በላይ ያላመጣ ዲግሪ አያገኝም። ዕዳው ግን የምግብ፣ የመኝታና የትምህርት ነው፣ በልቶታል፣ ተኝቶበታል፣ ተምሮበታል፤ ወደቀ ተብሎ አይሰረዝለትም። አባትሽ መፍራት ካለባቸው ይህንን ይፍሩ። ስለዚህ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ኮርስ እያንጠባጠበ እንዳይሄድ በየሴሚስተሩ ውጤቱን አሳየኝ በይው። ታላቅ እህቱ ነሽ፣ ይሰማሻል።

ዕረፍቱንም በርበሬ ሚዛን ላይ ብቻ አያሳልፈው። ክረምት ላይ ዝናቡ ስለማያሠራ ሳይት ይቀዘቅዛል፤ እንግዲያው ጋራዥ ወይም የብየዳ ቤት ይግባ። ባይከፍሉትም ይግባ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ውሉን በየዓመቱ ሲፈርም ፎቶ አንሥቶ ያስቀምጥ። ሥራ ይዞ መቆረጥ ሲጀምር ደግሞ ገቢ የተደረገበትን ማስረጃ ከፋይናንስ እየጠየቀ ይሰብስብ። ቀጣሪው ቆርጦ ገቢ ሳያደርግለት ቀርቶ፣ ክሊራንስ ሊያወጣ ሲሄድ እንደ አዲስ ክፈል የተባለ የሥራ ባልደረባ አለኝ።