ጥንቸል ይሻላል በግ? የተቃጠለ ሰው መልስ

«ለማስተርስ የጉልበት ካርቲሌጅ (የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ንጣፍ) ጉዳት በእንስሳ ላይ ላጠና ነው፤ ጥንቸል ይሻለኛል በግ? ማቆያውን ከአዲስ አበባ ወጣ ብዬ አገኛለሁ» ላልከው ወንድሜ፦ እኔ ይህንኑ ሰንዳፋ ላይ ሠርቼዋለሁ። አንድ ዓመት አቃጥሏል፤ አንተ አትቃጠል።

1. በግ ውሰድ። ጥንቸል ርካሽ ነው፣ ቦታም አይፈጅም። ግን የጉልበቱ ካርቲሌጅ ውፍረት 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የሰው ከ2 ሚሊሜትር ይበልጣል። ጉዳቱን ለመፍጠር ምኑን ትቦረቡረዋለህ? ደግሞ ጥንቸል ቁስሉን በራሱ የመሙላት ጸባይ አለው። አንተ ሕክምናዬ ሠራ ብለህ ስታጨበጭብ እሱ ለብቻው ድኗል።

2. በጉን በሁዳዴ መሃል ግዛ። ፋሲካ ሲቃረብ ከሄድክ በጀትህ እዚያው ገበያ ላይ ያልቃል።

3. ዕድሜ። እዚህ ጋ ነው የወደቅኩት። 8 በግ ገዛሁ። ነጋዴው «በልጆቼ እምላለሁ፣ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል» አለኝ። ወፈር ወፈር ያሉ ናቸው፣ አመንኩት። እኔ እኮ የእንስሳት ሐኪም ነኝ! አፍ ከፍቶ ጥርስ ማየት ማን ይጠፋዋል? ግን ደመናው ከብዷል፣ የጫነን አይሱዙ ሹፌር ክላክስ ያደርጋል። ሳላይ ጫንኩ።

ቀዶ ጥገናው አማረልኝ። ጉልበቱ ሲከፈት ካርቲሌጁ አሁን የታጠበ ሲኒ ነው የሚመስለው፤ ነጭ፣ እርጥብ፣ የሚያብለጨልጭ። በክብ መቁረጫ 6 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ሠራሁ። ከሥሩ ያለውን አጥንት አልነካሁም። ካርቲሌጅ የደም ሥር የለውም፤ ስለዚህ ደም ካየህ አጥንቱ ጋ ደርሰሃል ማለት ነው። ያኔ የመቅኒ ሴሎች ወጥተው ጉድጓዱን ጠባሳ በመሰለ ነገር ይሞሉታል፣ ጥናትህም ሌላ ጥናት ይሆናል። እኔ ጠብታ ደም አላየሁም። በዚህ እስከ ዛሬ እኮራለሁ። አራቱን አከምኩ፣ አራቱን ለማነጻጸሪያ እንዲሁ ተውኩ።

ከ6 ወር በኋላ የታከሙትን ስንከፍት ጉድጓዱ ሞልቷል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ዊሊያም ሀንተር በ1743 እ.ኤ.አ. የተበላሸ ካርቲሌጅ አይመለስም ብሎ ጽፏል። ሀንተርን አሸነፍኩት ብዬ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ያልታከሙትን ከፈትን። እነሱም ሞልተዋል።

አማካሪዬ ዝም ብለው አጥንቱን በመጋዝ ሰነጠቁት። ከጉልበቱ በላይ ያለው የእድገት መስመር፣ እንስሳው አድጎ ሲጨርስ የሚዘጋው፣ ገና ክፍት ነው። ከዚያ የአንዷን ከንፈር ገለጥ አደረጉ። ሁለት ቋሚ ጥርስ፣ እነሱም ገና ብቅ እያሉ። በግ እነዚያን የሚያወጣው ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። 6 ወር ቀንስለት። ቢላዋ ያሳረፍኩት ግልገል ላይ ነበር። ያላደገ እንስሳ ካርቲሌጅ ደግሞ ካደገው በተሻለ ይጠገናል።

«የእንስሳት ሐኪም ነኝ ነበር ያልከኝ አይደል?» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም።

በሁለተኛው ዙር አራት ቋሚ ጥርስ የሌለውን በግ አልነካሁም። ነጋዴዎቹ «የጥርስ ሐኪሙ መጣ» እያሉ ይስቁብኝ ጀመር። ይሳቁ። በስድስተኛው ወር ያልታከሙት ጉድጓዳቸው እንዳፈጠጠ ነበር። ባዶ ጉድጓድ አይቶ የሚደሰት ሰው እብድ ይመስላል፣ እኔ ግን እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

4. አጥንት ያለበትን ናሙና በስሱ ለመቁረጥ ስታለሰልሰው ጠንካራ አሲድ ውስጥ አትንከር። ካልሲየሙን ቀስ አድርጎ የሚያወጣው ኬሚካል፣ ኤዲቲኤ፣ ሳምንታት ይፈጃል፣ ታገሰው። አሲዱ የካርቲሌጁን ፕሮቲዮግላይካን (ውሃ የሚይዝለትን ንጥረ ነገር) ያጥብብህና፣ እሱን ቀይ የሚያደርገውን ሳፍራኒን ኦ የተባለ ማቅለሚያ ስትቀባው ቀዩ ቀለም አይመጣም፤ ጤነኛው ራሱ የታመመ ይመስልሃል።

5. ጥበቃውን ገና በመጀመሪያው ቀን አስረዳው። የእኛው በየበዓሉ «ይቺኛዋስ መቼ ነው የምትታረደው?» እያለ ሲዞራት ነበር። መድኃኒት የተወጋ በግ እንደማይበላ ለማሳመን ሁለት በዓል ፈጀብኝ።

6. የአካባቢው ጽሕፈት ቤት። የዩኒቨርሲቲውን የሥነ ምግባር ፈቃድ ይዤ ሄድኩ፤ በጎቹን ለማቆየት የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው የፈለግኩት። ልጅቷ ቀና እንኳ ሳትል «ማርባት ነው ማድለብ?» አለችኝ። ጥናት ነው አልኳት። «ቅጹ ላይ ጥናት የሚል የለም፤ ኃላፊው ሲመጡ ተመለስ።» ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በአራተኛው ማድለብ የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ደብዳቤዬን ይዤ ወጣሁ። በዚያ መዝገብ እስካሁን በግ አድላቢ ነኝ።