የኤምአርአይሽ ዋጋ ለምን ሁለት ሆነ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ለጉልበትሽ ኤምአርአይ ታዘዘልሽ። ቨርጂኒያ ያለው ሆስፒታል በኢንሹራንስ ከሆነ ዲዳክቲብልሽ (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በዓመቱ ከኪስሽ የምትከፍዪው መጠን) ስላልሞላ ሙሉውን አንቺ ትከፍያለሽ አለሽ። ኢንሹራንሱን ትተሽ በካሽ ብትከፍዪ ግን ዋጋው ከዚያ ያነሰ ነው ተባልሽ። አንቺም "ታዲያ በየወሩ ከደሞዜ የሚቆረጠው ምን ሊረባኝ ነው? ሕክምናን ያስወደደው ራሱ ኢንሹራንሱ ነው የሚሉት እውነት ነው?" ብለሽ ጠየቅሽ።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በሆስፒታል ቢሊንግ ክፍል፣ ማለትም የክፍያ መጠየቂያ (ቢል) በሚዘጋጅበት ክፍል እሠራለሁ። ከዚያ በፊት ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ትልቅ ክሊኒክ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ኢኮኖሚስትም አይደለሁም። ቢሉ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ ግን በየቀኑ አያለሁ። አጭሩ መልሴ ይኸው፦ አዎ፣ ኢንሹራንስ ወጪ ይጨምራል። ዋጋው እንዲህ የናረው ግን ኢንሹራንስ ስላለ ብቻ አይደለም። ዋጋውን የሚይዝ ስለጠፋ ነው።

መጀመሪያ አዎ ያልኩትን ላስረዳ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው። በ1970ዎቹ ራንድ የተባለው የጥናት ተቋም ቤተሰቦችን በዕጣ ለያይቶ የተለያየ ኢንሹራንስ ሰጣቸው። ለአንዳንዱ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ነፃ ሆነ። አንዳንዱ ደግሞ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ሁሉንም ለማለት በሚቻል ደረጃ ከኪሱ ይከፍላል። ከኪሳቸው የከፈሉት ነፃ ካገኙት ይልቅ 30 በመቶ ገደማ ያነሰ ወጪ አስወጡ። በአማካይ ሲታይ ጤናቸው ከሌሎቹ ብዙ አልተለየም። ድሃ ሆነው ደም ግፊት የነበረባቸው ግን ሕክምናው ነፃ ሲሆንላቸው ግፊታቸው ተሻለ። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ሰው ሲከራከር ይዘላታል።

ሥራዬ ላይም አየዋለሁ። ጃንዋሪ ላይ ዲዳክቲብል እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ቀጠሮ የሚሰርዘው ይበዛል። ዲሴምበር ሲመጣ ደግሞ ዲዳክቲብሉን የጨረሰ ሁሉ "ዓመቱ ሳያልቅ ትከሻዬን ልሠራው" እያለ ይደውላል። ትከሻው ያው ትከሻ ነው። የተለወጠው ከኪሱ የሚወጣው ነው።

ይህ እንግዲህ ስለ ብዛቱ ነው። አንዱ ኤምአርአይ ራሱ ለምን ተወደደ የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። አሜሪካኖች ከሌላው ሀብታም አገር ሕዝብ በላይ ሐኪም ቤት አይመላለሱም። ሆስፒታል የሚተኙትም ከብዙዎቹ በላይ አይደለም። እንዲያም ሆኖ በ2023 አገሪቱ ለጤና ያወጣችው ከጠቅላላ ምርቷ 17.6 በመቶ ነው። ተመራማሪዎቹ ጄራርድ አንደርሰን፣ ኡቨ ራይንሃርትና ባልደረቦቻቸው በ2003 አገሮቹን ሲያወዳድሩ ልዩነቱን በዋናነት ያመጣው ዋጋው ነው ብለው ነበር።

ዋጋው እንዴት እንደሚወጣ ልንገርሽ። እያንዳንዱ ሆስፒታል ቻርጅማስተር የሚባል ረጅም የዋጋ ዝርዝር አለው። መርካቶ ላይ ለተከራካሪ እንደሚጠራ ዋጋ ቁጠሪው። ጠሪውም ሰሚውም ያ ዋጋ እንደማይከፈል ያውቃሉ። ኢንሹራንሱ ተደራድሮ ያስቀንሳል፣ ከዚያም "ይህን ያህል አትርፈንልሻል" የሚል ወረቀት ይልክልሻል። በተጠራው ዋጋ የሚጎዳው ኢንሹራንስ የሌለውና መጠየቅ የማያውቀው ሰው ነው። ቨርጂኒያ እያለሁ ለአንድ ዓይነት ምርመራ የሚገባልን ገንዘብ እንደ ታካሚው የኢንሹራንስ ካርድ ይለያይ ነበር። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የመንግሥት ኢንሹራንስ) ትንሹን፣ ሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ኢንሹራንስ) ከዚያ ሻል ያለውን፣ የግል ኢንሹራንስ ትልቁን ይከፍላል። ራንድ የ2022ን ሒሳብ ሲያየው የግል ኢንሹራንሶች ለሆስፒታል የከፈሉት በአማካይ ሜዲኬር ከሚከፍለው ሁለት ከግማሽ እጥፍ ይሆናል።

ኢንሹራንሱ ለምን ጠንክሮ አይከራከርም? አንደኛ፣ በአካባቢው ያሉት ሆስፒታሎች በአንድ ባለቤት ሥር ከተጠቃለሉ እምቢ ማለት አይችልም። እነሱ የሌሉበትን ኔትወርክ (ኢንሹራንሱ የተዋዋላቸውን ሆስፒታሎችና ሐኪሞች ዝርዝር) ማን ይገዛዋል? ሁለተኛ፣ ኦባማኬር የሚባለው የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ኢንሹራንሱ ከፕሪሚየሙ (ለኢንሹራንሱ በየጊዜው ከሚከፈለው ክፍያ) 80 በመቶውን፣ ለትልልቅ ድርጅቶች ከሆነ 85 በመቶውን ለሕክምና እንዲያውል ያስገድደዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን የሕክምናው ወጪ ባደገ ቁጥር የተረፈችው 15 ወይም 20 በመቶም በዶላር ታድጋለች። በዚያ ላይ ብዙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኛውን ሕክምና የሚከፍሉት ከራሳቸው ካዝና ነው። ካርዱ ላይ ስሙ የተጻፈው ኢንሹራንስ ወረቀቱን ብቻ ያንቀሳቅሳል። መሥሪያ ቤቱም ወጪውን ከአንቺ ደሞዝ ጭማሪ ላይ ያካክሰዋል። በ2024 በሥራ በኩል የሚገኝ የቤተሰብ ኢንሹራንስ በአማካይ በዓመት 25,572 ዶላር ነበር። ሠራተኛው የሚያየው ከቼኩ የሚቆረጠውን ብቻ ስለሆነ ይህን ቁጥር ሲሰማ ይደነግጣል።

ለእኔ ትልቁ ማስረጃ ሜሪላንድ ናት። እዚህ የሆስፒታል ዋጋ የሚወስነው በ1971 የተቋቋመ የግዛቱ ኮሚሽን ነው። ከ1977 ጀምሮ ሜዲኬርም፣ ሜዲኬይድም፣ የግል ኢንሹራንስም በኮሚሽኑ ተመን ይከፍላሉ። ሆስፒታሉ በአንዱ ላይ አስወድዶ ለሌላው ማርከስ አይችልም። አንቺን የገጠመሽ ሁለት ዋጋ እዚህ የለም ማለት ይቻላል። ድልድዩን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለችው አሌክሳንድሪያ ስትገቢ ግን ነገሩ እንደ ካርድሽ ነው። ኢንሹራንስ በድልድዩ ግራም ቀኝም አለ! ሜሪላንድ ውስጥ ሁሉ ነገር ርካሽ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሜዲኬር እንዲያውም እዚህ ላሉ ሆስፒታሎች ከሌላው ግዛት የበለጠ ይከፍላል። የሐኪሙ ክፍያም ኮሚሽኑን አይመለከተውም። ጃፓንም ከ1961 ጀምሮ ሁሉም ሰው ኢንሹራንስ አለው። ዋጋውን ግን መንግሥት በየሁለት ዓመቱ እያየ ይወስናል። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር የኤምአርአይ ማሽን ከአሜሪካ በላይ አላቸው፣ የሚያስከፍሉት ግን በጣም ያነሰ ነው።

ከጥያቄሽ ሥር "ኢንሹራንስ ይቅርና ሁሉም በካሽ ይሁን" ያለ ሰው አይቻለሁ። ለዓይን ሌዘር ይሠራል። ታካሚው ጊዜ አለው፣ ዋጋ ያወዳድራል። ለስትሮክ ግን ማን ያወዳድራል? አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል በር ላይ ማስያዣ ፍለጋ ዘመድ ሲሯሯጥ ያየ ሰው እንዲህ ሲል ይገርመኛል።

ወደ አንቺ ልምጣ። የካሽ ዋጋው ያነሰው ለኢንሹራንሱ ክሌይም (የክፍያ ጥያቄ) መላክ፣ ዲናይ ተደርጎ (ውድቅ ሆኖ) ሲመለስ እንደገና መላክ፣ ወራት መጠበቅ ስለሌለበት ጭምር ነው። የእኔ ዓይነቱ ሠራተኛ ደሞዝም ቢሉ ውስጥ አለ። ስለዚህ የኤምአርአዩን የኮድ ቁጥር ከሐኪምሽ ተቀበዪና ከሆስፒታል ውጭ ያሉ የምስል ምርመራ ማዕከሎች ጋ ደውዪ። ብዙ ጊዜ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በካሽ ከሆነ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ መሠረት የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ ሊሰጡሽ ይገባል። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ትችያለሽ። ሆስፒታሉ ትርፍ አልባ ከሆነ ደግሞ የክፍያ ድጋፍ ፎርም ይኖረዋል። ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ ይቀበሉሻል። ኢንሹራንስ አለኝ ብለሽ አትተይው፣ ብዙ ቦታ ዲዳክቲብልንም ያግዛል።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። በካሽ የከፈልሽው ብዙ ጊዜ ዲዳክቲብልሽ ላይ አይቆጠርም። ኤምአርአዩ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ብሎ ከመጣ ዲዳክቲብሉን ለማንኛውም መሙላትሽ አይቀርም፣ ያኔ የካሹ ገንዘብ ተጨማሪ ወጪ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪምሽ ቀዶ ጥገና ይጠብቅ እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂው። የኢንሹራንስ ፕላንሽስ የሚታደሰው በጃንዋሪ ነው ወይስ በጁላይ? እሱንና እስካሁን ዲዳክቲብልሽ ላይ ስንት እንደተቆጠረ ከጻፍሽልኝ አብረን እናሰላዋለን።